የመንገደኛው ጫማና የማኅበራችን ሣጥን

በሚመጣው ቅዳሜ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ ስለ ጫማ ነው። የተማሪዎች ማኅበር ተሰብስቦ ስለ ጫማ ሲከራከር የሰማ ሰው ይሥቅ ይሆናል። እኛም ወረቀቱ መጀመሪያ በደረሰን ጊዜ ሥቀን ነበር። ኋላ ግን ነገሩን ስናገላብጠው የገንዘብም፣ የሕግም፣ የወገንም ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው፣ ከስብሰባው በፊት አሳባችንን በዚህች ጋዜጣ ላይ ለአባሎች መግለጽ ተገቢ መስሎ ታየን።

የቀረበው አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። በየዓመቱ በበጋው ዕረፍትና በገና ሰሞን ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ፣ ከጂዳና ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቻችንና ወዳጆቻችን በፊሬንዜ በኩል ያልፋሉ። ካቴድራሉንና አሮጌውን ድልድይ ካዩ በኋላ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጫማ የት ነው የሚገዛው? ታክሱስ እንዴት ነው የሚመለሰው?» ከእኛ መካከል ቋንቋውን የሚያውቅ አንዱ ክፍሉን ትቶ ከሱቅ ወደ ሱቅ ይዟቸው ይዞራል። እንግዲህ አንዳንድ አባሎች፣ ይህ ሥራ ካልቀረ ማኅበሩ በወግ ይያዘው፤ ለመንገደኛው ከሚመለስለት ታክስ ላይ ከመቶ አሥር እየተቀነሰ ወደ ማኅበሩ የርዳታ ሣጥን ይግባ ሲሉ ጠይቀዋል። በሁለተኛም ደረጃ፣ አባሎች ለራሳቸው የሚገዙትን ጫማ በእንግዶች ፓስፖርት እያስጻፉ ታክሱን ቢያስመልሱ ማኅበሩ እንዳይቃወም፣ እንዲያውም ከተመለሰው ግማሹን ለሣጥኑ እንዲቀበል አሳስበዋል።

አሳቡን ያቀረቡትን ወንድሞችና እኅቶች ስግብግብ ናቸው ብሎ መዝለፍ ቀላል ነው፤ እውነትም አይሆንም። ሣጥኑ ባዶ ነው። ከአገር ቤት አዲስ የሚመጣ ተማሪ ክልሉ የሚሰጠው የትምህርት ድጎማ የመጀመሪያው ክፍያ እስኪደርሰው ድረስ ወራት ይጠብቃል፤ ቤት አከራዩ ግን አንድ ሳምንት አይጠብቅም፤ መያዣም ይጠይቃል። ባለፈው መስከረም ሦስት ልጆች በአንድ ጠባብ ክፍል ወለል ላይ ተኝተው ሰንብተዋል። አንዲት እኅት ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ የሚለጠፈውን የ16 ዩሮ ቴምብር መግዣ አጥታ ወደ ገንዘብ ያዣችን ስትመጣ፣ ገንዘብ ያዡ ከራሱ ኪስ አውጥቶ ሰጣት። ማኅበሩ አልነበረውምና። አሳቡን ያቀረቡት አባሎች ይህን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ስለዚህ ክርክራችን ከአሳባቸው ጋር እንጂ ከእነርሱ ጋር አይደለም።

በመጀመሪያ የታክሱ ነገር እንዴት እንደሆነ እንነጋገር፤ ብዙዎቻችን በወሬ ነው የምናውቀው።

በኢጣልያ አገር በጫማ ዋጋ ውስጥ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከመቶ 22 ተጨምሮበታል። ይህ ታክስ የሚከፈለው ዕቃው እዚህ አገር ስለሚለበስና እዚሁ ስለሚያልቅ ነው። ዕቃው ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች ወጥቶ ሌላ አገር የሚለበስ ከሆነ ግን እንደ ወጪ ንግድ ይቈጠርና ታክሱ ለገዢው ይመለሳል። ነገሩ የባለሱቁ ቸርነት አይደለም፤ የኢጣልያ መንግሥት ለእንግዳ የሚያቀርበው መስተንግዶም አይደለም። ታክስ ዕቃው በሚያገለግልበት አገር ይከፈል ከሚለው መሠረታዊ ደንብ የወጣ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና። በአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ካለው ያለቀረጥ መሸጫ ሱቅም ጋር መደባለቅ የለበትም። ያ ሌላ ሥርዓት ነው፤ በአየርላንድ በሻነን አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1947 ተጀምሮ ወደ ዓለም ሁሉ የተዛመተ ሲሆን፣ እዚያ ከመጀመሪያውም ታክሱ አይከፈልም። በከተማ ሱቅ ግን መንገደኛው ሙሉውን ከፍሎ ኋላ ነው የሚያስመልሰው።

ለማስመለስ የሚያስፈልገው ብዙ ነው። ገዢው ነዋሪነቱ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ መሆን አለበት። በአንድ ሱቅ ባንድ ጊዜ የገዛው ዋጋ ከ70 ዩሮ ማለፍ አለበት። ይህ መጠን እ.ኤ.አ. እስከ ጃንዋሪ 2024 ድረስ ወደ 155 ዩሮ ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዝቅ ብሏል። ሌሎቹ አገሮች የየራሳቸው ልክ አላቸው፤ ፈረንሳይ ከ100 ዩሮ በላይ ትጠይቃለች፤ ስፔን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ዝቅተኛውን ልክ ፈጽማ ሰርዛለች። እንግሊዝ ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ይህን መብት ከነጭራሹ አስቀርታለች፤ ስለዚህ ከሎንዶን ጫማ ገዝቶ ታክስ ይመለሳል የሚል ዘመድ ካላችሁ የድሮ ወሬ እንደሆነ ንገሩት። በኢጣልያ ሱቁ የመንገደኛውን ፓስፖርት አይቶ ግዢውን ኦቴሎ በሚባለው የጉምሩክ መዝገብ ውስጥ ያስገባል። ዕቃው ሳይለበስ፣ ከተገዛበት ወር ቀጥሎ ያሉት ሦስት ወራት ሳያልፉ መውጣት አለበት። የመጨረሻውን የአውሮፓ ኅብረት አገር ሲለቁም ጉምሩክ ማረጋገጥ አለበት፤ ሹሙ «ጫማውን አሳየኝ» ካለ ማሳየት ግዴታ ነው። ሻንጣውን አስቀድሞ አስረክቦ ኋላ ወደ ጉምሩክ የሮጠ ስንት ሰው አለ!

እንግዲህ ከሁለተኛው አሳብ እንነሣ፤ በፍጥነት የምናልፈው እሱን ነው።

ሕጉ የሚያየው መኖሪያን እንጂ ዜግነትን አይደለም። እዚህ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ ለዓመታት የሚማር ኢትዮጵያዊ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢይዝም፣ ለዚህ ነገር የኢጣልያ ነዋሪ ነው፤ ታክሱ አይመለስለትም። አዲስ አበባ የሚኖር ኢጣልያዊ ግን ይህን አስረድቶ ሊያስመልስ ይችላል። ይህ ብዙ አባሎቻችንን ያናድዳል። ከእኛ ይልቅ ሚሊዮነሩ ቱሪስት ታክስ ይቀነስለታል ወይ? ይላሉ። አዎ፣ ይቀነስለታል፤ እኛ እዚህ ትምህርት ቤታቸውን፣ ሐኪም ቤታቸውን፣ መንገዳቸውን እንጠቀማለን፤ እሱ ግን ነገ ይሄዳል። ጫማውን እዚህ ለምንለብስ ለእኛ ሲባል የተጻፈ ሕግ አይደለም። እንግዲህ በእንግዳ ፓስፖርት ማስጻፍ ማለት፣ ዕቃው ከአገር ይወጣል ብሎ በእንግዳው ስም የሐሰት ቃል መስጠት ነው።

ሐሰቱንም የሚሸከመው ማን እንደሆነ ባለፈው ዓመት አይተናል። ከአባሎቻችን አንዱ ከዱባይ በመጣ አጎቱ ፓስፖርት ሁለት ጥንድ ጫማ ገዛ። ታክሱንም እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ከአስመላሽ ድርጅት መስኮት፣ በቅድሚያ በጥሬ ገንዘብ ተቀበሉ፤ ለመያዣ የተሰጠው የአጎትየው የባንክ ካርድ ነበር። አጎትየው ፊዩሚቺኖ ሲደርሱ የጉምሩኩ ሹም ጫማዎቹን ጠየቃቸው። ጫማዎቹ በዚያች ሰዓት አንደኛው በልጁ እግር ላይ፣ ሁለተኛው በአልጋው ሥር ነበሩ። ሽማግሌው ሻንጣቸውን በሰው ፊት ከፍተው የውስጥ ልብሳቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። ማረጋገጫው ተከለከለ፤ ከሳምንታት በኋላም የወሰዱት ገንዘብ ከነቅጣቱ ከካርዳቸው ላይ ተነሣ። ልጁ አሁንም የሚያዝነው ስለ ገንዘቡ አይደለም። «ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉምሩክ አስቁሟቸው አያውቅም ነበር» ሲል ነው የሰማነው። ማኅበሩ እንዲህ ካለው ገንዘብ ግማሹን ይቀበል ማለት የማኅበሩን ማኅተም በሐሰት ወረቀት ላይ ማሳረፍ ነው። በሁለተኛው አሳብ ላይ ከዚህ በላይ አንጽፍም።

ወደ መጀመሪያው እንመለስ። ይኸኛው ሕግ አይጥስም። እንግዳው በገዛ ፓስፖርቱ ይገዛል፣ ጫማውን ይዞ ይሄዳል፣ ታክሱም በመብቱ ይመለስለታል፤ እኛ ደግሞ ለድካማችን ከመቶ አሥር እንወስዳለን። ምን ክፋት አለው?

አስቀድመን ሒሳቡን እንሥራ፤ ሒሳብ የሚማሩ አባሎች እንዳሉን ረስተው ይሆናል። አንድ የታወቀ ስም ያለበት ጫማ 610 ዩሮ ዋጋ ተጽፎበታል እንበል። ከዚህ ውስጥ የጫማው ዋጋ 500፣ ታክሱ 110 ዩሮ ነው። «ከመቶ 22 ይመለስልሃል» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው፤ 110 ከ610 ላይ ከመቶ 18 ብቻ ነውና። እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይደርስም። ብዙ ሱቆች ሥራውን ለአስመላሽ ድርጅቶች ስለሚሰጡ፣ ድርጅቶቹ የአገልግሎት ዋጋቸውን አስቀርተው የሚሰጡት እንደ ግዢው መጠን ከመቶ 12 ወይም 13፣ ቢበዛ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ገንዘቡን በአውሮፕላን ማረፊያ በጥሬው ልቀበል ያለ ደግሞ ተጨማሪ ይቀነስበታል፤ በዶላር ስጡኝ ካለ በምንዛሪው ሌላ ይጐድልበታል። እንግዲህ ከ610 ዩሮ ጫማ ላይ 80 ዩሮ ተመለሰ ብለን በደግነት እናስላ። የማኅበሩ ድርሻ 8 ዩሮ ነው።

በዚህ ከተማ አንድ ክፍል በርካሽ ተገኘ ብለን ኪራዩን 400 ዩሮ እናድርገው። አንድ አዲስ ተማሪ ለአንድ ወር ጣራ እንዲያገኝ 50 ጥንድ ጫማ መሸጥ አለበት። ማለት፣ ዘመዶቻችን 30,500 ዩሮ አውጥተው ጫማ መግዛት አለባቸው። ከዚያ ሁሉ ገንዘብ 400 ዩሮ ለወንድማቸው፣ የቀረው ለሱቁ። አንዳንዱ ነገር በቃል ሲነገር ደህና ይመስላል፤ እርሳስ ይዘው ሲያሰሉት ግን ራሱን ያጋልጣል።

ይህም ሆኖ፣ ጥቂትም ቢሆን ከምንም ይሻላል የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። እኛን የሚያስፈራን የገንዘቡ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እንል ነበር። የሚያስፈራን የድርሻው ዓይነት ነው። ድርሻችን ከእንግዳው ወጪ ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ እንግዳው ብዙ ሲያወጣ ማኅበሩ ይጠቀማል፤ ሲቈጥብ ማኅበሩ ይጐዳል። ያን ጊዜ አስጐብኚው ተማሪ የዘመዱ መካሪ መሆኑ ቀርቶ የሱቁ ሻጭ ይሆናል።

ምሳሌ እንስጥ። በዚህ አገር በጃንዋሪ መጀመሪያና በጁላይ መጀመሪያ የዋጋ ቅናሽ ወቅት ይከፈታል፤ ሳልዲ የሚባለው ነው። ያው የ610 ዩሮ ጫማ ከመቶ 30 ቢቀነስለት 427 ዩሮ ይሆናል። 183 ዩሮ ተረፈ ማለት ነው፤ ይህም ከሚመለሰው ታክስ ከእጥፍ ይበልጣል። በማርኬ ክልል፣ በፌርሞና በሞንቴግራናሮ አካባቢ ባሉት የጫማ መንደሮች ደግሞ ፋብሪካዎቹ በራሳቸው በር የሚሸጡባቸው መደብሮች አሉ፤ በባቡርና በአውቶቡስ ለሚደክም ሰው ዋጋቸው ከዋናው ጐዳና ሱቅ ጋር አይገናኝም። እንግዲህ በሰኔ አጋማሽ ለመጣች አክስት እውነተኛ ዘመድ የሚሰጣት ምክር፣ «እትዬ፣ ሁለት ሳምንት ይቈዩ፤ ካልሆነም ይህን ተዉት፤ ታክሱ ይመለሳል ተብሎ ያልታሰበ ዕቃ አይገዛም» የሚል ነው። ባለ ከመቶ አሥሩ አስጐብኚ ግን ይህን ምክር ለመስጠት አፉ ይያዛል። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሣጥኑ ባዶ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ጓደኛው ወለል ላይ መተኛቱን ስለሚያስብ ነው። በጎ አሳብን ለሱቁ ጥቅም ማዋል የሚባለው ይህ ነው።

የምንመራቸውን እንግዶችስ ምን እያሳየናቸው ነው? ሁሉም ወደ ቶርናቡዎኒ ጐዳና ይሄዳሉ። ከሳንታ ትሪኒታ ድልድይ አጠገብ ያለው ምሽግ የመሰለ ትልቅ ሕንፃ የሳልቫቶሬ ፌራጋሞ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮም የጫማ ሙዚየም አለበት። ፌራጋሞ እ.ኤ.አ. በ1898 በደቡብ ኢጣልያ ቦኒቶ በምትባል መንደር ከድኻ ቤት ተወለደ፤ ልጅ ሳለ ወደ አሜሪካ ሄዶ ለሲኒማ ተዋንያን ጫማ ሲሰፋ ቈየና በ1927 ተመልሶ ፊሬንዜ ውስጥ ሥራ ጀመረ። የእጁ ሙያ የሚደነቅ መሆኑን የሚክድ የለም። እኛን የሚመለከተው ግን ሌላ ነው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ የኤኮኖሚ ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ ደካማ እንደነበረ አባቶቻችን በደማቸው ያውቁታል፤ ነዳጅ አልተከለከለም፣ የሱዌዝ ቦይ አልተዘጋም። ጫማ ሰፊው ግን ከጫማው ወገብ ሥር የሚያስገባት ቀጭን የብረት ዘንግ ጠፋችበት፤ የተገኘውም ብረት እየተሰበረ አስቸገረው። በዚህ ጊዜ በታኮውና በሶሉ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ የሰርዴኛ ቡሽ እያጣበቀ ሞላው። ዛሬ ሴቶች በዓለም ሁሉ የሚጫሙት፣ ታኮውና ሶሉ አንድ ወጥ የሆነው ጫማ ከዚያ ወጣ። ይህን ፌራጋሞ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ጽፎታል።

ይህ የሆነው በማይጨው ዘመን ነው። እንግዶቻችን በዚያ ሕንፃ ደጃፍ ፎቶግራፍ ሲነሡ ይህን የሚነግራቸው ሰው ከእኛ መካከል ስንት አለ? ጫማውን አትግዙ ለማለት አይደለም፤ ቡሹ ኃጢአት የለበትም። ነገር ግን በአንዲት ጫማ ታሪክ ውስጥ የአገራችን መወረር ተቀብሮ ሳለ፣ የተማረው ልጃቸው የሚያውቀው የታክስ ቅጽ አሞላልን ብቻ ከሆነ ምን ተማረ ይባላል? (ስለ አበበ ቢቂላ ባዶ እግር ደግሞ ሁሉም ስለሚያወራው እኛ እናልፈዋለን።)

በመስኮቱ ውስጥ ስለማይታየውም ሰው እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ2024 የሚላኖ ፍርድ ቤት የአንዳንድ ዝነኛ የፋሽን ቤቶችን የማምረቻ ኩባንያዎች በፍርድ ቤት በተሾመ ተቈጣጣሪ ሥር አድርጓል። ምክንያቱም ሥራቸው በንዑስ ተቋራጭ በኩል ወርዶ ወርዶ ሠራተኛ ተኝቶ በሚሠራባቸው ጓዳዎች ውስጥ ሲሠራ መገኘቱ ነው። በአንዱ ጉዳይ፣ ሱቅ ውስጥ 2,600 ዩሮ ለሚሸጥ የእጅ ቦርሳ ተቋራጩ የተቀበለው፣ ቆዳውን ሳይጨምር፣ 53 ዩሮ እንደነበረ ተገልጿል። እርግጥ ነገሩ ስለ ቦርሳ እንጂ ስለ ጫማ አይደለም፤ ሁሉም ቤት እንዲህ ነው ማለትም አንችልም፤ በብሬንታ ወንዝ ዳር ያሉት ጫማ ሰፊዎች በሙያቸው የሚኮሩ፣ ደህና ደመወዝም የሚያገኙ አሉ። ሆኖም ከዋጋው አብዛኛው የሚከፈለው ለስሙ መሆኑን ያ መዝገብ በቂ አድርጎ ያሳያል። በስሙ ላይ ከተከፈለው 12 ከመቶ ስለተመለሰ ብቻ ርካሽ አገኘሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። የባቲ ፍየልና የሰላሌ በግ ቆዳ በዓለም ቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ በየስማቸው የሚጠሩ ናቸው፤ የእኛ ስም ያለበት ጫማ ግን በዚያ ጐዳና መስኮት አይታይም። ይህ ሌላ ቀን ራሱን ችሎ የሚጻፍበት ጉዳይ ነው።

አሁን ከላይ ያዙልን ወዳልነው ነጥብ እንመለስ። ኢጣልያ ታክሱን የምትመልሰው ጫማው በሚለበስበት አገር ይከፈላል ብላ ነው። መንገደኛው ለራሱ አንድ ጥንድ ጫማ ይዞ ቢገባ የሚነቅፈው የለም፤ የግል ዕቃው ነው። ነገር ግን ከእኛ ጋር ከሚዞሩት መካከል አምስትና ስድስት ካርቶን የሚገዙ፣ ካርቶኑን ጥለው ጫማውን በሕፃናት ልብስ ጠቅልለው በቦሌ የሚያሳልፉ፣ ሸጠውም ትርፉን የሚይዙ እንዳሉ ሁላችን እናውቃለን። እዚህ ታክሱን አስመለሱ፤ እዚያም አልከፈሉም። በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከመቶ 15 ነው። ደረሰኝ ከሚቈርጥ ሱቅ ለልጇ የትምህርት ቤት ጫማ የገዛች እናት ይህን 15 ትከፍላለች፤ የምታስመልስበት መስኮት የላትም። ባለ 610 ዩሮው ጫማ በሁለቱም አገር ነፃ ያልፋል። የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር በዚህ ጉዞ ላይ የአስተርጓሚነት ድርሻ እየወሰደ ሣጥኑን ቢሞላ፣ ከማን ኪስ እንደወሰደ ማሰብ አለበት። እኛን ለማስተማር ታክስ ከከፈሉት አንዷ ያቺ እናት ናት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ለራሳችን ወገን እንሰጣለን። በማኅበራችን ውስጥ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ ነገሩን «የሴቶች ጌጥ መውደድ» አድርገው ለመዝለፍ የሚቸኩሉ ወንድሞች አሉ። በዱባዩ አጎት ታሪክ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ወንዶች እንደሆኑ ይታወስ። ደግሞም የተማሪው ንቅናቄ በዚህ በኩል ጠባሳ አለበት። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ፣ የልብስ ፋሽን ትርዒት በተዘጋጀ ጊዜ ተማሪዎች ተቃወሙ። የተቃውሞው ምክንያት የባዕድ ልማድ ወረራ ነው ተባለ፤ ስድቡና እንቁላሉ ያረፈው ግን በገዛ እኅቶቻቸው ላይ ነበር። እኛ ያን አንደግምም። ጥሩ ጫማ መውደድ ወንጀል አይደለም፤ ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ በመስኮት ፊት ቆሞ ያውቃል፤ ከሚገባው በላይም ቆሟል።

እንግዲህ ሁለቱንም አሳቦች እንቃወማለን፤ ተቃውሞ ብቻ ግን ለሣጥኑ አንድ ሳንቲም አያስገባም። ስለዚህ በበኩላችን የሚከተለውን እናቀርባለን። የሚሠራና ገንዘብ የሚያገኝ አባል ሁሉ በወር 5 ዩሮ ያዋጣ። እንደ ዕድር ነው፤ አዲስ ነገር አልፈጠርንም። አርባ ሰው ቢያዋጣ በወር 200 ዩሮ ይሆናል። ያን ያህል በጫማ መንገድ ለማግኘት 25 ጥንድ፣ ማለትም የ15,250 ዩሮ ጫማ ማሸጥ ያስፈልግ ነበር። እንግዶችን በሚመለከት፣ ታክሱ እንዴት እንደሚመለስ፣ ሳልዲ መቼ እንደሚከፈት፣ ጉምሩክ ከሻንጣ በፊት መሆኑን፣ የሰው ዕቃ በስማቸው እንዳያስጽፉ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ አባዝተን በነፃ እንስጥ። ከእነርሱ መካከል ለተማሪ ልርዳ የሚል ቢገኝ፣ ገዛም አልገዛም፣ ደረሰኝ ቈርጠን በደስታ እንቀበላለን። ፈተና ያለበት ተማሪ ደግሞ «ዘመድ መጣብኝ» ብሎ ከፈተና እንዳይቀር፣ ተራ ወጥቶ ሌላ አባል እንግዳውን እንዲያደርስለት ይደረግ። በዚህ ዓመት ሁለት አባሎች በዚሁ ምክንያት ፈተና አምልጧቸዋል።

አዋጡ ስንል ኪሳችን እንዴት እንደሆነ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። 5 ዩሮ ለአንዳንዳችን የሁለት ቀን ምሳ ነው። የማይችል አባል አይጠየቅ፤ ስሙም አይጻፍ። የሚችል ግን አለ፤ ማን እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ ጫማውም ይናገራል።

ስብሰባው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት በተለመደው አዳራሽ ነው። በሥራ ምክንያት መምጣት የማይችሉ አባሎች ድምፃቸውን እስከ ዓርብ ማታ በጽሑፍ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያድርሱ። አሳቡን ያቀረቡት ወንድሞችና እኅቶች መልስ ለመጻፍ ከፈለጉ የሚቀጥለው ቍጥር የመጀመሪያው ገጽ ለእነርሱ ተጠብቋል። ሣጥኑ በበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ቁልፉ እንደ ወትሮው በገንዘብ ያዡ እጅ ነው።